የዲትሮይቱ ኪው ላይን፦ ባቡሩ ጥሩ፣ መንገዱ አጭር

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። ሦስቱን የሰጠሁት ደስ እያለኝ ነው። ሁለቱን ስነፍገው ግን ቅር እያለኝ ነው፤ ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ይገባችኋል።

መጀመሪያ ለማያውቀው ሰው ልንገር። ኪው ላይን ማለት በአሜሪካዋ ዲትሮይት ውስጥ፣ ውድዋርድ በሚባለው ዋና ጎዳና ላይ ከመኪኖች ጋር አብሮ የሚሄድ የከተማ ባቡር ነው። ከመሃል ከተማ፣ ከኮንግረስ ጎዳና ይነሳል፤ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ግራንድ ቡለቫርድ ሲደርስ አለቀ። ርዝመቱ 3.3 ማይል ነው፣ ወደ 5.3 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። 12 ፌርማታ አለው። ሥራ የጀመረው በሜይ 2017 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታባችሁ)። ያኔ መሳፈሪያው 1 ዶላር ከ50 ነበር። በማርች 2020 በኮቪድ ምክንያት ቆመ፣ በሴፕቴምበር 2021 ሲመለስ በነጻ ተመለሰ፣ ከዚያ ወዲህም በነጻ ነው የሚሄደው። ቲኬት የለ፣ ካርድ የለ፤ በሩ ሲከፈት መግባት ብቻ ነው።

የሄድኩት ከጋሼ ጋር ነው። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እዚያ አካባቢ መኖር ከጀመሩ 30 ዓመት ሊሞላቸው ነው። እኔ ስለ ከተማና ስለ ትራንስፖርት ማውራት እወዳለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ወሬ ሲበዛ አይወዱም። «ና እስቲ፣ ሂድና በዓይንህ እየው» አሉኝና ወጣን።

ጥሩውን ላስቀድም። ፌርማታው ደስ ይላል። ባቡሩ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ የሚናገር ሰሌዳ አለው፣ ለክረምት ደግሞ ማሞቂያ ተገጥሞለታል። የዲትሮይትን ጃንዋሪ የቀመሰ ሰው ማሞቂያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ባቡሩ ሲመጣ ድምፁ አይረብሽም። በባትሪም ስለሚሄድ ከመንገዱ ከግማሽ በላዩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለም፤ ቀና ስትሉ የምታዩት ሰማዩንና የድሮዎቹን ሕንፃዎች ነው። ውስጡ ንጹሕ፣ ሰፊ፣ ዋይፋይ ያለው፣ ብስክሌት የሚሰቀልበት ቦታም ያለው ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ልቤን ነካው። ግራንድ ሰርከስ ፌርማታ ላይ አንድ በዊልቸር የሚሄዱ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጭናቸው ላይ የገበያ ከረጢት አስቀምጠዋል። በሩ ሲከፈት ማንንም «እባክህ እርዳኝ» ሳይሉ፣ ሹፌሩም ወርዶ ሳያግዛቸው፣ በሁለት እጃቸው ጎማውን አንዴ ገፋ አድርገው ገቡ። የባቡሩ ወለልና የፌርማታው ወለል እኩል ነው፣ ነገሩ ይኸው ነው። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ሰው የሚያከብር ትራንስፖርት ማለት ለእኔ ይሄ ነው፤ አንደኛውን ኮከብ የሰጠሁት ለዚያች ቅጽበት ነው።

ሁለተኛው ኮከብ ለመንገዱ ነው። በዚህች አጭር መስመር ላይ የታጨቀው ነገር ይገርማል። ሞንትካም ላይ ከወረዳችሁ በ1928 የተከፈተው ፎክስ ቴአትርና የቤዝቦሉ ስታዲየም አሉ። ትንሽ አለፍ ሲል የሆኪና የቅርጫት ኳሱ ትልቅ አዳራሽ አለ። ከዚያ ሆስፒታሎቹ ይመጣሉ፣ ከዚያ ዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ዋናው ቤተ መጻሕፍትና የዲትሮይት የሥነ ጥበብ ተቋም ፊት ለፊት። ባልቲሞር ፌርማታ ላይ ከወረዳችሁ ወደ ቺካጎ የሚሄደውን የአምትራክ ባቡር ታገኛላችሁ። በእግር ብትሄዱት ጉልበት ይጠይቃል፣ በመኪና ብትሄዱት ደግሞ በየደረሳችሁበት ፓርኪንግ ፍለጋ ነው። በባቡሩ ውርድ፣ ግባ፣ ውርድ፣ ግባ ነው።

ሦስተኛው ኮከብ ያለ ክፍያ ስለሚሄድ ነው፣ እሱ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ልምጣ።

የመጀመሪያው ስህተት የሐዲዱ ቦታ ነው። አብዛኛው ሐዲድ የተዘረጋው በመንገዱ ጠርዝ፣ የእግረኛ መንገዱን ታክኮ ነው። መኪና የሚቆመው የት ነው? ጠርዝ ላይ። ዕቃ የሚያወርደው የጭነት መኪና የት ነው የሚቆመው? ጠርዝ ላይ። አውቶቡሱስ? እሱም ጠርዝ ላይ። ባቡር ደግሞ እንደ አውቶቡስ መሪ ጠምዝዞ አያልፍም። አንድ ሰው «ሁለት ደቂቃ ብቻ» ብሎ መኪናውን ሐዲዱ ላይ ጥሎ ቡና ሊገዛ ከገባ፣ ከኋላው ያለው ሰው ሁሉ አብሮ ይጠብቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በከተማው ዋናው ወሬ ይሄው ነበር። ባቡሩ መሃል መንገድ ላይ፣ የራሱ መስመር ይዞ ቢሄድ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ይህ ክርክር ከመሠራቱ በፊትም ነበር፤ የጠርዙ ወገን የሚለው ተሳፋሪው በቀጥታ የእግረኛ መንገድ ላይ ይውረድ፣ ለሱቆቹም ይቅረብ ነው። ለሱቅ ማሰቡ ክፋት የለውም። ግን በሰዓቱ የማይደርስ ባቡር ለሱቁም አይጠቅመውም፣ የሱቁ ሠራተኛም በእሱ ተማምኖ ከቤቱ አይወጣም።

ሁለተኛው፣ ትልቁ፣ ርዝመቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የተበላሹ ከተሞችን ስለማንሳት የሚደረገው ክርክር ሁሉ እዚህች 3.3 ማይል ውስጥ አለ።

በመጀመሪያ የነበረው ዕቅድ ይህ አልነበረም። የከተማው ዕቅድ ባቡሩን 9 ማይል ያህል አውጥቶ የከተማው ጫፍ፣ «8 ማይል» የሚባለው ጎዳና ድረስ ማድረስ ነበር። በዲሴምበር 2011 ያ ዕቅድ ተሰረዘ፤ ከተማው ገንዘብ አልነበረውም፤ ከዓመት ተኩል በኋላ፣ በጁላይ 2013፣ ከስሮ ፍርድ ቤት ገባ። በባቡሩ ፋንታ እስከ ዳር ሰፈሮቹ የሚደርስ ፈጣን አውቶቡስ ይሻላል ተባለ። ባለሀብቶቹና በጎ አድራጊዎቹ ግን፣ ዳን ጊልበርት፣ ሮጀር ፔንስኪ፣ የክሬስጊ ፋውንዴሽን፣ አጭሩን መስመር አንተውም ብለው ያዙት። የፌዴራል መንግሥቱም 25 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ዛሬ አንድ ሜትር ሐዲድም አይኖርም ነበር፤ ይሄን መካድ ነውር ነው። ግን ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ባቡሩ የት እንደሚቆም ወሰነ። የተሠራው ቀድሞ ገንዘብ የገባበት ሰፈር ላይ ነው። ከግራንድ ቡለቫርድ ወዲያ ያለው ሰው፣ መኪና የሌለው፣ ሥራው ሩቅ የሆነው ሰው፣ ባቡሩ ሲመለስ ጀርባውን ነው የሚያየው።

ጋሼ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ነበር። «ባቡሩ ጥሩ ነው ልጄ፣ ምንም አይወጣለትም» አሉኝ። «እኔ የምሠራበት መጋዘን ግን ሰበርብ ነው። ሥራው ሁሉ እኮ ወደዚያ ሄዷል።»

ሥራው ወደዚያ ሄዷል። ነገሩ ሁሉ እዚህ አረፍተ ነገር ላይ ነው (ሰበርብ ማለት ከከተማው ወሰን ውጭ፣ በዙሪያው ያሉት የመኖሪያ ከተሞች ናቸው)። ዲትሮይት በ1950 1,849,568 ሕዝብ ነበራት፣ በ2020 የተቆጠረው 639,111 ነው። ሰዉ ሄደ፣ ከሦስት ሁለት እጁ ማለት ነው። ቧንቧው ግን አብሮ አልሄደም። 139 ስኩዌር ማይሉ እዚያው ነው፤ መንገዱ መጠገን ይፈልጋል፣ የፍሳሹ መስመር መጠገን ይፈልጋል፣ የእሳት አደጋ መኪናው በባዶ ቤቶች መሃል አልፎ የቀሩት ቤቶች ጋ መድረስ አለበት፤ ይሄን ሁሉ የሚከፍለው የቀረው ሰው ነው። ከከተማው ወጥቶ ሰበርብ የገባው ደግሞ ሌላ ቧንቧ፣ ሌላ መንገድ፣ ሌላ ትምህርት ቤት አዲስ አሠራ። ያው አንድ አካባቢ ለአንድ ሕዝብ ሁለት ከተማ ሠራ ማለት ነው።

ስማርት ግሮውዝ የሚባለው ሐሳብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ስሙ የባለሙያ ይመስላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፦ ከተማ ወደ ውጭ እየተለጠጠ እርሻ ከሚበላ፣ ውሃውና መብራቱ ቀድሞ የገባበትን ቦታ መልሶ ይሙላ። ቤቱ፣ ሱቁና ሥራው ይቀራረብ። መኪና የሌለው ሰውም ወጥቶ ይግባ። ሐሳቡን እደግፋለሁ፣ አልደብቅም። ኪው ላይንም የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው። የከተማ ባቡር ባዶ መሬትን ይሞላል የሚለውን እምነት በአገሩ ያስፋፋችው በ2001 የራሷን የጀመረችው ፖርትላንድ ናት።

ታዲያ ሞላ ወይ? በመስኮቱ ብታዩ አዎ ትላላችሁ። አዳዲስ አፓርትመንቶች አሉ፣ ከሥራቸው ሱቅ አላቸው፣ ምሽት ላይ ሰው በእግሩ ይሄዳል። ግን ይሄን ሁሉ ለባቡሩ መስጠት አይቻልም። የጊልበርት ኩባንያ ሠራተኞቹን ወደ መሃል ከተማ ማምጣት የጀመረው በ2010 ነው፣ ባቡሩ ከመምጣቱ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ። ባቡሩ የመጣው ነገሩ ከተጀመረ በኋላ ነው። ረድቷል? አምናለሁ። አስጀመረው? አይመስለኝም። ሌላ ከተማ ያሉ ሰዎች «እኛም አንድ አጭር ባቡር እንሥራና ከተማችን ይነሳል» ብለው ዲትሮይትን እንደ ምሳሌ ሲያነሱ የምሰጋው ለዚህ ነው።

የተቃዋሚዎቹንም ቃል ማክበር አለብን። ሰበርብ የሚኖረው ሰው «ግቢ ያለው ቤት የገዛሁት ወድጄ ነው፣ መኪናዬን የምነዳው ወድጄ ነው፣ ለማልሳፈርበት አውቶቡስ ለምን ግብር እከፍላለሁ?» ይላል። ጥያቄው የክፉ ሰው ጥያቄ አይደለም። ደግሞ ጥርጣሬው ታሪክ አለው። በ1976 ፕሬዚዳንት ፎርድ ለዲትሮይት አካባቢ ባቡር 600 ሚሊዮን ዶላር ይሰጣል ብለው ነበር። ከተማውና ሰበርቡ መስማማት አቃታቸው፣ ዓመታት አለፉ፣ በሬጋን ጊዜ ገንዘቡ ቀረ። ከዚያ ሁሉ ዕቅድ የተረፈው በ1987 የተከፈተው ፒፕል ሙቨር ነው። 2.9 ማይል፣ መሃል ከተማውን በአየር ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር። የትልቅ ባቡር ተሳፋሪ ተቀብሎ እንዲያከፋፍል ነበር የታሰበው፣ ትልቁ ባቡር ግን አልመጣም። እንዲህ ያለውን ነገር ከ30 ዓመት በላይ ሲያይ የኖረ ግብር ከፋይ «እንደገና አምጡ» ሲሉት ቢጠራጠር አልፈርድበትም።

ግን ሌላም ነገር አለ። ዋረን ፌርማታ ላይ ወርደን የሥነ ጥበብ ተቋሙ ገባን። ዲየጎ ሪቬራ በ1932 እና በ1933 የሣላቸው የፋብሪካ ሥዕሎች አሉ፣ አራቱንም ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የሞሉ። ጋሼ የመኪና ሞተር የሚገጥሙትን ሠራተኞች እያዩ ለረጅም ጊዜ ቆሙ፤ እሳቸውም በደጉ ጊዜ መገጣጠሚያ መስመር ላይ ሠርተዋል። አንዱን ሠራተኛ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ለጥጦ የሚስበውን፣ በጣታቸው አሳዩኝና «አየህ፣ በትክክል እንደዚህ ነው የሚያምህ» አሉኝ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ነበር።

የአካባቢው ነዋሪ ሲገባ አይከፍልም። ለምን? በ2012 ዌይን፣ ኦክላንድና ማኮምብ የሚባሉት ሦስቱ ካውንቲዎች (ካውንቲ እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው)፣ ከተማውም ሰበርቡም፣ ለዚህ ተቋም ግብር እንክፈል ብለው ድምፅ ሰጥተዋል። ሦስቱም። ከዚያ በፊት በ2008 ለመካነ እንስሳቱም እንዲሁ አድርገዋል። በኖቬምበር 2016 ደግሞ የጋራ ትራንስፖርት ለመሥራት ድምፅ ተሰጠ፦ በውድዋርድ፣ በግራሸትና በሚሺጋን ጎዳናዎች ላይ ፈጣን አውቶቡስ፣ ከአን አርበር ደግሞ ባቡር። በዚህኛው ዌይንና ዋሽተናው ካውንቲ አዎ አሉ፣ ኦክላንድ በጥቂት ድምፅ፣ ማኮምብ በብዙ ድምፅ እምቢ አሉ። በጠቅላላው አንድ በመቶ ገደማ በሆነ ልዩነት ወደቀ።

ይሄን አስባችሁታል? ለሥዕል ከተማውና ሰበርቡ አብረው ከፈሉ፤ ለዝሆኑና ለቀጭኔው አብረው ከፈሉ፤ ለአውቶቡስ ሲሆን ተለያዩ። ስለዚህ «ሰበርቡ ለከተማው ግብር አይከፍልም» የሚባለው እውነት አይደለም። የራሱ የመሰለውን ይከፍልለታል። ሙዚየሙ የእኔ ነው ይላል፣ አውቶቡሱ የሌላ ሰው ነው ይላል። እኔ በበኩሌ የትራንስፖርት ወዳጆች ይሄን ነገር ቁጭ ብለን ማሰብ ያለብን ይመስለኛል። ስለ ሐዲድና ስለ ፍጥነት ስናወራ እንውላለን እንጂ፣ ማኮምብ ያለችውን እናት «ያንቺን ሆስፒታል የሚያጸዳው ሰው፣ እናትሽን የምታስታምመው ልጅ፣ በዚህ አውቶቡስ ነው የሚመጡት» ብሎ የነገራት ሰው ስንት ነው?

ለውጥ ግን አለ፣ ተስፋ የማልቆርጠውም ለዚህ ነው። በ2022 ኦክላንድ ካውንቲ ለትራንስፖርት ግብር አዎ አለ፣ በዚህም «እኛ አውቶቡስ አንፈልግም» ብለው ወጥተው የነበሩት የካውንቲው ከተሞች ሁሉ መስመር ውስጥ ገቡ። የከተማውና የሰበርቡ አውቶቡስ ከ2019 ጀምሮ በአንድ ቲኬት ሆኗል፤ 2 ዶላር ትከፍላላችሁ፣ ለ4 ሰዓት ያህል እንደፈለጋችሁ ትቀያይራላችሁ። ኪው ላይን ራሱም በ2024 ከግሉ ድርጅት ወጥቶ ወደ አካባቢው የጋራ ትራንስፖርት ባለሥልጣን ተዛውሯል። የሕዝብ ቁጥሩም በ2024 በወጣው ግምት ከ1957 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨመረ ተብሏል። ትንሽ ነው፣ ግን ወደ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት በጁን የፎርድ መኪና ኩባንያ ያደሰው ሚሺጋን ሴንትራል የሚባለው የድሮ ባቡር ጣቢያም ተከፈተ። በ1988 ተዘግቶ መስኮቱ ሁሉ ረግፎ ዓመታት የቆመው ሕንፃ አሁን ሲታይ አፍ ያስከፍታል። ባቡር ግን አይቆምበትም፣ ኪው ላይንም እዚያ አይደርስም። ለአካባቢው ሰዎች የማቀርበው አንድ ልመና ቢኖር ይሄን ሕንፃ ባቡር አምጡለት ነው።

ለመሳፈር ላሰባችሁ ጥቂት ምክር። ጨዋታ ወይም ኮንሰርት ባለበት ቀን ከሆነ ትርፍ ጊዜ ያዙ፣ ከመኪናው ጋር አንድ መንገድ ላይ ስለሆነ ባቡሩም አብሮ ይቆማል። ሙዚየም ለማየት ዋረን ላይ ውረዱ። ከልጅ ጋር ከሆናችሁ ጋሪውን ሳታጥፉ ትገባላችሁ። ቀጠሮ ካላችሁ፣ በተለይ የሐኪም ቀጠሮ፣ አንድ ባቡር ቀደም ብላችሁ ተሳፈሩ። ለጎብኚ፣ ለተማሪ፣ እዚያው መስመር ላይ ለሚኖርና ለሚሠራ ሰው ከ5 ኮከብ 5 ልትሉት ትችላላችሁ፣ አልከራከራችሁም። እኔ 3 ያልኩት እንደ ጋሼ ላለው ሰው ብዬ ነው።

መጨረሻው ፌርማታ፣ ግራንድ ቡለቫርድ ላይ ወረድን። አብረውን የወረዱ ሁለት ሴቶች ነበሩ፣ ሰማያዊ የሆስፒታል ልብስ የለበሱ፣ አንዷ ጫማዋን እዚያው ፌርማታው ላይ ለወጠች። ወደ ቤት አልሄዱም፤ መንገዱን ተሻግረው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሙ። እኛም ከኋላቸው ቆምን። 4 ቁጥር አውቶቡስ መጣ፣ በውድዋርድ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን የሚሄደው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው። ጋሼ ለሹፌሩ ሰላምታ ሰጡና ከፊት ወንበር ተቀመጡ።

አውቶቡሱ ባቡሩ ሊደርስበት ታስቦ የነበረው ቦታ ድረስ ነው የሄደው፣ 8 ማይል። እዚያ ድሮ የግዛቱ ባዛር ሲደረግ የወተት ላሞች የሚታዩበት ሕንፃ ነበር፣ አድሰውት በ2024 የአውቶቡስ ጣቢያ ሆኗል። ስሙ የጄሰን ሃርግሮቭ ጣቢያ ነው። ሃርግሮቭ የከተማው አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ በማርች 2020 አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ተሳፋሪ አፏን ሳትሸፍን መሳሏን በቪዲዮ ወጥቶ ተናገረ፣ በሳምንት ተኩል ገደማ ውስጥ በኮቪድ ሞተ። ጋሼ በር ላይ ስሙን አንብበው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ የሰበርቡን አውቶቡስ ሰዓት ሊያዩ ወደ ሰሌዳው ሄዱ።